ከጫማው ዛፍ የወረደ ከስክስ

ኮሪን ሆገን ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪዎች ሰርቪስ ነድታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ባሏ ዴል ጣሪያ ሠሪ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ከጣሪያ ወድቆ ሁለቱንም ጊዜ ስለተረፈ፣ ከእንግዲህ በዓለም ላይ የሚያስፈራኝ ነገር የለም ብሎ የደመደመ ሰው ነው። ሁለቱም ሥራ ባቆሙ በዓመቱ አንድ አሮጌ ቫን ገዙ። ዴል አልጋና ምድጃ ገጠመበት፤ የሚኒሶታውን ቤታቸውን ለኮሪን እህት አደራ ሰጡና መንገድ ጀመሩ። ይህ ነገር የደረሰባቸው መንገድ በጀመሩ በሦስተኛው ዓመት ነው።

በመካከላቸው ውል ነበር። አንድ ቀን የእሷ፣ አንድ ቀን የእሱ። በእሷ ቀን በእግር ይሄዳሉ፤ እሷ ካርታ ይዛ ከፊት፣ እሱ የታመመ ጉልበቱን እየረገመ ከኋላ። በእሱ ቀን ደግሞ መንገድ ዳር የቆመ ጉድ ይፈለጋል። ዴል ጉድ አይቶ አይጠግብም። ካንሳስ ውስጥ አንድ ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠቀልለው የኖረውን፣ ከመኪና የሚገዝፍ የሲባጎ ኳስ አሳይቷታል። ነብራስካ ውስጥ በጠርሙስ ብቻ የተገነባ ቤት፣ አይዳሆ ውስጥ ደግሞ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት የሚያህል የሲሚንቶ ድንች። ሁልጊዜ መኪናዋ በቅጡ ሳትቆም ቀድሞ ይወርድና፣ ጉዱ ሥር ደርሶ ዞር ብሎ ይጣራል።

"ኮሪን! ነይማ እዪ! አታምኚኝም!"

"አንተ ሰውዬ፣ ለሲሚንቶ ድንች እንዲህ ከሆንክ፣ እውነተኛውን ብቀቅልልህ ምን ልትሆን ነው?" ትለዋለች። ግን ሁልጊዜም ትወርዳለች፤ ሁልጊዜም ፎቶ ታነሳዋለች።

ኔቫዳ የገቡት መስከረም መጨረሻ ላይ፣ የበረሃው ሙቀት ሰበር ሲል ነው። ቀኑ የዴል ነበር። መንገዱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ ለአርባ ማይል አንዲት መኪና አላለፈቻቸውም። ከዚያ ሜዳ መሀል ብቻውን የቆመ፣ ግንዱ ለሦስት ሰው እቅፍ የሚበቃ ዛፍ ታየ። ቅርንጫፎቹ ላይ ቅጠሉን የሚያስንቅ ጫማ ተንጠልጥሏል። መንገደኛ ሁሉ ጥንድ ጫማውን በክሩ አስሮ ወደ ላይ እየወረወረ ትቶት የሄደ ነው። የሙሽራ ባለ ተረከዝ ጫማ አለ፣ የሕፃን ሸራ አለ፣ የበረዶ መንሸራተቻ አለ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይጋጫሉ፤ ድምፁ ብዙ ሰው ደረጃ እንደሚወርድ ዓይነት ነው።

ዴል ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞረው። ሦስተኛው ላይ ቆመ።

"ኮሪን፣ ያንን እዪው እስቲ።"

ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ቡናማ ከስክስ ጫማ ተንጠልጥሏል። ቆዳው ወፍራም፣ ሶሉ ገና ያልተበላ፣ ክሩ ቀይ። የዴል ጫማ በዚያ ሰሞን ሶሉ እንደ አፍ ተከፍቶ በፕላስተር ታስሮ ነበር። ኮሪን ለእግር ጉዞ የምትይዘውን ከዘራ ተቀብሎ መጎተት ጀመረ።

"ዴል፣ ተው።"

"ለምን እተዋለሁ?"

"እዚህ ሰው ሰጥቶ ነው የሚሄደው፤ ወስዶ አይሄድም።"

"እኔስ መቼ እምቢ አልኩ!" ከስክሱ መሬት ላይ ዱብ አለ። የራሱን አሮጌ ጫማ ክር ለክር አስሮ ወደ ላይ ወረወረው፤ በመጀመሪያው ተሰቀለ። "ይኸው፣ ተለዋወጥን። ማን ተበደለ?"

ቁጭ ብሎ እግሩን አስገባ። ልክ ነው። ተነሥቶ ተንጎራደደ፤ ፊቱ እንደ ልጅ በራ። "ለእኔ እግር የተሰፋ ነው የሚመስለው። ውስጡ ደግሞ ሞቅ ይላል።"

"ፀሐይ ላይ ውሎ ነዋ" አለች ኮሪን። ቀና ስትል ግን ቅርንጫፉ በጥላው በኩል ነበር። ሄዳ ሞተሩን አስነሣች።

ቀጥላ ያለችው ከተማ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ አንድ ምግብ ቤትና ጥቂት የተዘጉ ሱቆች ናት። ምግብ ቤቱ ውስጥ ስልሳ ዓመት ግድም የሚሆናት፣ ሽበቷን አንድ ጉንጉን አድርጋ የያዘች ሴት ታስተናግዳለች። ደረቷ ላይ "ቨርና" የሚል ስም ተለጥፏል። በርገር አዘዙ። ቨርና ለዴል ቡና እየቀዳች ሳለ ዓይኗ ወደተዘረጋው እግሩ ወረደ፤ እዚያው ቀረ። ቡናው ከሲኒው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

"ኧረ እመቤቴ፣ ልትዘፍቂኝ ነው!"

"ይቅርታ።" ጨርቅ አምጥታ ጠረገች። ፊቷን ሳታቀና "ጫማውን ከየት አገኙት?" አለች።

"ገዝቼው ነው" አለ ዴል። ኮሪን በጠረጴዛው ሥር ረገጠችው።

"ነገስ ወዴት ናችሁ?"

"ወደ መንታው ሸለቆ" አለች ኮሪን። "ነገ የእኔ ቀን ነው። በእግር እስከ መገንጠያው ሄደን እንመለሳለን።"

ቨርና ጨርቁን ጨመቀችው። "ሌላ ጫማ የለዎትም?" አለችው ለዴል።

"ምነው? ይሄኛው ምን አጠፋ?"

ጨርቁን ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች። ሒሳብ ስታመጣ ግን ወደ ኮሪን ጎንበስ ብላ፣ ቀስ ባለ ድምፅ እንዲህ አለቻት፦ "እህቴ፣ እዚያ የሚጠራችሁ ሰው ከሰማችሁ፣ አቤት ከማለታችሁ በፊት አጠገባችሁ ያለውን ሰው እዩ።"

ወጥተው መኪና ውስጥ ሲገቡ ዴል ሳቀ። "እቺን ሴትዮ ፀሐይ መትቷታል።" ኮሪንም አብራው ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ከስክሱ ላይ ነበር።

ያን ሌሊት ሸለቆው አፍ ላይ፣ ቫኗ ውስጥ አደሩ። ዴል ከስክሱን ምድጃው ሥር አስቀምጦ ነው የተኛው። ጠዋት ኮሪን በሩን ከፍታ ስትወርድ ጫማዎቹ ውጭ አሸዋው ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አፍንጫቸው ወደ ሸለቆው።

"አንተ ነህ ያወጣሃቸው?"

"አንቺ መስለሽኝ እኮ!" አለ ዴል እያዛጋ። "የእግሬ ሽታ አላስቀምጥ ብሏቸው ራሳቸው ወጥተው ይሆናል።"

ልቧ ያኔ "ይቅር፣ እንመለስ" ብሏት ነበር። ግን ቀኑ የእሷ ነው፤ በገዛ ቀኗ ፈራሁ ማለት አፈረች። ስንቃቸውንና ውሃቸውን አዝለው ገቡ።

ሸለቆው ቀይ ነው፤ ግድግዳው ከፍ እያለ፣ ሰማዩ እየጠበበ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ነበር። እንሽላሊቶች ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላሉ፤ አንድ ቁራ እየተከተለ ይሳደባል። ኮሪንን የገረማት የዴል አካሄድ ነበር። ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀረው ሰውዬ ከፊት ሆኗል። ጉልበቱን አልረገመም፤ እንረፍ አላለም፤ የውሃ ኮዳውን አልነካም። በሁለት ሰዓት ተኩል ይደርሱበታል የተባለውን መገንጠያ በአንድ ሰዓት ከሩብ ደረሱ። እዚያ ሸለቆው ለሁለት ይከፈላል፤ መሀሉ ላይ እንደ ጠረጴዛ የተነጠፈ ትልቅ ድንጋይ አለ።

"እዚህ ምሳ በልተን እንመለስ" አለች ኮሪን ቦርሳዋን እያወረደች። ቀና ስትል ዴል የለም።

በግራው ሸለቆ ጀርባው ሲታጠፍ አየችው። "ዴል!" አለች። አልዞረም። ቦርሳዋን መልሳ አንጠልጥላ ተከተለችው። በየመታጠፊያው ጀርባውን ታያለች፤ እሷ ስትደርስ እሱ የሚቀጥለውን ታጥፏል። መሬቱ ከአሸዋ ወደ ልሙጥ ድንጋይ ተለወጠ። ቁራው መጮህ ማቆሙን ያወቀችው ያኔ ነው። እንሽላሊትም የለም። የራሷን ትንፋሽ ብቻ ነበር የምትሰማው።

ስትደርስበት ልሙጡ ድንጋይ ላይ አንድ ጉልበቱን አንበርክኮ የጫማውን ቀይ ክር እየፈታ ነበር። አንዱን አውልቆ ካልሲውን ውስጡ ወትፎታል። ሁለተኛውንም አወለቀ። አጣምሮ፣ አስተካክሎ አስቀመጣቸው። ዴል ጫማ አስተካክሎ አስቀምጦ አያውቅም፤ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ የጣላቸውን የምትሰበስብ እሷ ናት። ፊቱ ላይ ያ ጉድ ያየ ጊዜ የሚመጣው ፈገግታ ነበር።

"መጣሁ፣ መጣሁ" አለ ወደ ፊት እያየ። "ምን ያስቸኩልሻል?"

ከኮሪን አፍ የወጣው ሃያ ስድስት ዓመት በሰርቪስ መስታወት ውስጥ እያየች ስልሳ ልጅ ፀጥ የምታሰኝበት ድምፅ ነው።

"ዴል ሆገን! ቁጭ በል!"

ዴል ዱብ ብሎ ቁጭ አለ። ዞሮ አያት። ከዚያ ወደ ፊት አየ። መልሶ እሷን አየ፤ ከፊቱ ደም ሲሸሽ በዓይኗ አየችው።

"አንቺ... እዚያ አይደለሽም እንዴ?"

"የት?"

"እዚያ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ። አንቺ ነሽ እኮ ስትጠሪኝ የቆየሽው። 'ዴል፣ እዚህ ውሃ አለ፣ ጫማህን አውልቀህ ና' እያልሽ።"

"እኔ ከኋላህ ነኝ። ከመገንጠያው ጀምሮ ከኋላህ ነኝ።"

ዴል አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ከንፈሩ ተጣብቆ፣ ዓይኑ ዓይኗ ላይ ተተክሎ ሳለ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ የዴል ድምፅ ጠራት።

"ኮሪን! ነይማ እዪ! አታምኚኝም!"

ድምፁ የእሱ ነው። የደስታው ቅላፄ፣ በጥርሱ ክፍተት የምታፏጨዋ ነገር ሳትቀር የእሱ ነች። ኮሪን የቨርና ምክር ትዝ አላት። የባሏን አፍ ትኩር ብላ አየችው። አልተንቀሳቀሰም።

"ሰማኸው?" አለችው።

"የአንቺን ነው የምሰማው" አለ በሹክሹክታ። "አሁንም እየጠራሽኝ ነው።"

እጁን ጨብጣ አነሣችው። እጁ ወደ ከስክሱ ሲዘረጋ በእግሯ ገፋችው። "በካልሲ ትሄዳለህ።" የራሷን ትርፍ ካልሲ ከቦርሳ አውጥታ ሁለት ሁለት አድርጋ አለበሰችው። ከዚያ ጆሮው ላይ አፏን አስጠግታ "ስማኝ" አለችው። "ከአሁን በኋላ መኪናዋ ጋ እስክንደርስ እኔ አልናገርም፣ አንተም አትናገርም። የሚናገር ካለ እኛ አይደለንም። እጄን እንዳትለቅ።"

ዞረው መሄድ ጀመሩ።

ድምፁ መጀመሪያ ይጣራ ነበር፤ ያው የደስታው ጥሪ። ከዚያ ተከተላቸው። ሮጦ አይደለም፤ ልክ በእነሱ እርምጃ፣ ሁልጊዜ አንድ መታጠፊያ ወደ ኋላ ቀርቶ። ይቆጣ ጀመር። "ኮሪን፣ እኔን ጥለሽ ከማን ጋር ነው የምትሄጂው? እጅሽን የያዘው ማን ነው?" አላት በዴል ድምፅ። ኮሪን ያን ጊዜ በጎን የያዘችውን እጅ አየችው፤ ምስማር የበሳው የአውራ ጣቱ ጠባሳ አለ። ጠባሳውን በጣቷ እየዳሰሰች ሄደች።

መገንጠያውን ካለፉ በኋላ ድምፁ ጸጥ አለ። አበቃ ብላ አየር ስትስብ ጩኸቱ መጣ። ዴል ለሁለተኛ ጊዜ የወደቀው ከራሳቸው ቤት ጣሪያ ነበር። እሷ ወጥ ቤት ሆና ሰምታዋለች። ያኔ የሰማችውን ድምፅ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ዴል ራሱ አያስታውሰውም። ያ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ ጩኸቱ፣ ከዚያ ማቃሰቱ፣ ከዚያ ስሟ። እግሯ ሳታዘው ዞረ።

እጇን የጨበጠው እጅ ያኔ ነው ጎትቶ የመለሳት። ዴል አፉን እንደዘጋ ነው። እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። እሱ በዚያች ሰዓት ምን እንደሰማ ኮሪን አልጠየቀችውም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቀችውም።

ካልሲው ከሁለት ማይል በኋላ አለቀ። በተረፈው መንገድ ድንጋዩ ላይ ደሙ ይቀር ነበር። ፀሐይ ገና ከአናት ሳትወርድ ቫኗ ጋ ደረሱ። ኮሪን በሩን ከውስጥ ቆለፈችና "ዴል" አለችው። "አቤት" አላት፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይታ ነው ያለቀሰችው።

ወደ ከተማዋ ሲመለሱ ቨርና በመስኮት አይታቸው ኖሮ፣ ሳይገቡ በሩን ከፈተችላቸው። ምግብ ቤቱ ባዶ ነበር። ምንም ሳትጠይቅ ዴልን አስቀምጣ ለብ ያለ ውሃ በጨው በሳፋ አመጣች፤ እግሩን ነከረችው።

"ጫማው የባሌ የሮስኮ ነው" አለች። "ቀዩን ክር ያስገባሁለት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሆነው። ከወንድሙ ጋር አጋዘን ሊያድኑ ገብተው፣ መገንጠያው ላይ ምሳ ሊበሉ ተቀመጡ። ወንድሙ እሳት ሲያነድ ሮስኮ ቀና ብሎ 'ቨርና እየጠራችኝ ነው' አለው። ወንድሙ ሳቀበት። እኔ እዚህ ነበርኩ፤ እዚህ፣ ይሄን ጠረጴዛ እየወለወልኩ። ዞር ሲል ጫማው ድንጋዩ ላይ አለ፣ ካልሲው ውስጡ፤ ሮስኮ የለም። ዐሥራ አንድ ቀን ተፈለገ። በውሻ፣ በሄሊኮፕተር።"

"ለምን ትናንት አልነገርሽንም?" አለ ዴል።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ለመጣው ሁሉ ነግሬአለሁ፣ ወንድሜ። በስልካቸው እየቀረጹኝ ይስቁ ነበር።" ፎጣ አቀበለችው። "ጫማውን በር ሥር አስቀመጥኩት። ጠዋት ጠዋት አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ አገኘዋለሁ። ጋራዥ ወሰድኩት፤ እዚያም ያው። መጨረሻ ላይ መሬት የማይነካበት ቦታ ልስቀለው ብዬ ዛፉ ላይ ወረወርኩት።"

ዴል አቀረቀረ። "ገዝቼው አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

ከዚያ ቨርና ወንበር ስባ ከኮሪን ፊት ለፊት ተቀመጠች። እጆቿ ጨርቁን እያጠፉ ይዘረጉታል።

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የሰማችሁት በየትኛው ነው? በቀኙ ነው በግራው?"

ኮሪን የሴትዮዋን ፊት አየች። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ የምትጠይቀው ሰው ያጣች ሴት ፊት ነው። እዚያ ሄዳ የምትሰማው የማንን ድምፅ እንደሆነም ኮሪን አወቀች፤ ቨርናም ታውቀዋለች። አጠገቧ ሆኖ የምታየው አፍ ግን የለም።

"በቀኙ" አለች ኮሪን።

ዴል ከሳፋው ቀና አለ። ሚስቱን አያት። መልሶ አቀረቀረ።

ከከተማዋ ሃያ ማይል ያህል ከራቁ በኋላ "ግራ ነበር" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ካወቀችብሽስ?"

"ታውቅብኝ።"

መንገዱን አልተዉትም፤ ዴል እግሩ ሲድን ሌላ ጫማ ገዛ፣ ከሱቅ። ጉድ ማየትም አልተወም። ግን ከዚያ ወዲህ ቀድሞ ወርዶ አይጣራም። ተመልሶ መጥቶ፣ በመስኮቷ በኩል ቆሞ፣ "እንሂድ?" ይላታል።

በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ላይ ኮሪን ወደዚያ ምግብ ቤት ትደውላለች። "እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱት?" ትላለች፤ ቨርና "እስከ ማታ ሁለት ሰዓት" ትላታለች፤ ስልኩ ይዘጋል። በአራተኛው ዓመት ግን ቨርና ወዲያው አልዘጋችም።

"በቀኙ ምንም የለም" አለች።

ኮሪን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጫነችው።

"ሦስት ጊዜ ሄጄአለሁ። ድንጋይና እንሽላሊት ነው። ቁጭ ብዬ ውዬ ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁ። ምንም።"

"ቨርና..."

"ያን ለታ ፊቴን ስታዪ ነው የገባኝ እንደዋሸሽኝ። አውቄ ነው በቀኙ የምሄደው።" የሳህን ኳኳታ ተሰማ፤ አንድ ሰው ሒሳብ ብሎ ተጣራ። "መጣሁ!" አለችው ቨርና። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አላመሰግንሽም። አልረግምሽምም። ብቻ መደወሉን እንዳትተዪ።"

ስልኩ ተዘጋ። ያን መስከረም ሚኒሶታ ቤታቸው ነበሩ፤ ዴል ከጓሮ ሲገባ ኮሪን እንደተቀመጠች አገኛት። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እራት የሠሩት ከመሸ በኋላ ነው።